ቆመህ ነው የጻፍከው?

የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ለተከበሩ ጋሼ ዋቅሹማ፣

ባሉበት አገር ሰላምዎ ይብዛ፣ ጤናዎ አይጉደል። እኛ ቤት እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን።

ስሜን ሰምተው ይሆናል እንጂ ተነጋግረን አናውቅም። ሴና እባላለሁ፤ የጠጅቱ ልጅ። አያቴ ገረሱና የእርስዎ አያት አዱኛ ወንድማማቾች ነበሩ። እናቴ «ሠርግ የምንጠራራ፣ ለቅሶ የምንደራረስ ዘመድ ነን» ትላለች። እኔ ደግሞ ለሠርግም ለለቅሶም ሳይሆን ለሌላ ነገር ፈልጌዎት አድራሻዎን ከእናትዎ ተቀበልኩ።

ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሰንጋ ተራ አንድ መሥሪያ ቤት የስልክ ኦፕሬተር ነኝ። ዓይኔ ማየት ካቆመ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። ይህን ለእዘኑልኝ አይደለም የምጽፈው፤ ነገሩ እሱን ካላወቁ ስለማይገባ ነው። የሰፈራችን መንገድ ተቆፍሮ አያልቅም። ሰው ሊረዳኝ ብሎ ሳይናገር ክንዴን አፈፍ አድርጎ ሲጎትተኝ መሬቱ ከሥሬ ይጠፋል። ታኅሣሥ ላይ አንድ ደግ ሰው እንዲህ ሲጎትተኝ ቦይ ውስጥ ገባሁ። እሱም አብሮኝ ገባ።

የዚያን ቀን ማታ «መቆም መማር አለብኝ» አልኩ። ጓደኛዬ ቢልቂስ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ቴኳንዶ ትሠራለች፤ ይዛኝ ሄደች። አሰልጣኙ ማስተር በሱፍቃድ ይባላል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ጨነቀው። «እኔ የማውቀው ‹እንደኔ አድርጉ› ማለት ነው፤ አንቺን በምን ላስተምርሽ?» አለኝ። በመጨረሻ እንዲህ ተስማማን፦ ሰኔ 15 የቢጫ ቀበቶ ፈተና አለ። እስከዚያ አቋቋሙን ከያዝኩ እቀጥላለሁ። ካልያዝኩ ሰው መሃል እንዳልጎዳ ያሰናብተኛል።

የዘመዶቼን ስም ስነግረው «የዋቅሹማ ዘመድ ነሽ? እንደ እሱ እግሩ ላይ የቆመ ሰው አላየሁም» አለና ወሬውን ቀየረ። 

እርስዎ እዚያ ኮሪያ ውስጥ አሰልጣኝ እንደሆኑ ዘመዱ ሁሉ ያወራል። እባክዎ አቋቋሙን በቃል ይጻፉልኝ። ቪዲዮ አይሆነኝም። የድምፅ መልእክትም ይሮጥብኛል። ጽሑፍ ከሆነ ስልኬ ታነብልኛለች፤ የፈለግኩት ቃል ላይ አስቁሜ አሥር ጊዜ አስደግማታለሁ።

እግሬ የት ይሁን? ጉልበቴ ምን ያድርግ? ክብደቴ የት ይረፍ? ይኸው ነው ልመናዬ።

አክባሪዎ
ሴና


መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
አንሳን፣ ደቡብ ኮሪያ

ለውድ እህቴ ለሴና፣

ሰላምታዬ ለአንቺም ለእትዬ ጠጅቱም ይድረስ። እኔ ደህና ነኝ። አንቱታውን ተዪው፣ አንቺን አያስረጅሽም፣ እኔን ግን ያስረጀኛል።

እዚህ ሥራ ይበዛል፤ ስለዚህ በአጭሩ እጽፍልሻለሁ።

«ጁንቢ» ማለት ተዘጋጅ ማለት ነው። ሁለቱ እግሮች ጎን ለጎን፣ በመካከላቸው የአንድ እግርሽ ርዝመት፤ ጣቶችሽ ወደ ፊት፤ ጭብጦችሽ ከእምብርትሽ በታች። «አፕ ሶጊ» የተራማጅ አቋቋም ነው። ታክሲ ልትይዢ ስትሄጂ ድንገት ብትቆሚ ያለሽበት፤ ጉልበት አይታጠፍም፣ ክብደት ለሁለቱም እግር እኩል። «አፕ ኩቢ» ረጅሙ ነው። ከኋላ እግርሽ አራት እግር ተኩል ያህል ወደ ፊት ትረግጫለሽ፤ የፊት ጉልበት ይታጠፋል፣ የኋላው ይወጠራል፤ የፊት ተረከዝሽ ከኋላው ተረከዝ ፊት ለፊት በአንድ መስመር ይሁን።

ለልብሱ ገንዘብ ልላክልሽ? ልክሽን ንገሪኝ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ፦ ከእኔ ጋር እንደምትጻጻፊ ለበሱፍቃድ ባትነግሪው ደስ ይለኛል።

ወንድምሽ
ዋቅሹማ


መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ልደታ

ለጋሼ ዋቅሹማ፣

ደብዳቤህን ላደረሰልኝ ለፈጣሪም ለኔትወርኩም ምስጋና ይግባ! እንዴት አደርክ፣ እንዴት ዋልክ፣ እናቴ ጉንጭህን ስማሃለች።

ጋሼ፣ ሦስት ቀን አልተኛሁም ብልህ ማጋነን ነው፣ ግን ሦስት ቀን አልተቀመጥኩም። ጁንቢ ገባኝ! ተረከዜን ከሌላው እግሬ አውራ ጣት ጋር አስነክቼ ለካሁት፤ ልክ በዚያ ስፋት ስቆም አንድ ነገር ወደ መሬት ሰመጠልኝ። አፕ ሶጊን በየሄድኩበት እየሠራሁት ነው። ትናንት ሰንጋ ተራ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ «አሁን አፕ ሶጊ ነኝ» ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ከፊቴ ያሉት ሴትዮ ዞረው «ምን አሳቀሽ ልጄ?» አሉኝ። «ቆሜ ነው» አልኳቸው።

አፕ ኩቢ ግን ጣለኝ። ቢልቂስ አጠገቤ ሆና ልኬን አይታለች፤ አራት እግር ተኩል ነው፣ ጉልበቴም እንዳልከው ነው። ቢሆንም ገመድ ላይ የቆምኩ ይመስል ወደ ጎን እወድቃለሁ። አንዴ ቁም ሳጥኑ ላይ፣ አንዴ እናቴ ላይ። እናቴ «ይሄ ስፖርት ነው ወይስ ቤት ማፍረስ?» ብላለች። መቶ ጊዜ ያህል ሞክሬዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ብቻ አይመስለኝም።

ስለዚህ አትቀየመኝና አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያንን ደብዳቤ ቆመህ ነው የጻፍከው?

ገንዘብ አትላክ፤ ልብሱን ቢልቂስ ከእህቷ አምጥታልኛለች። ለማስተር በሱፍቃድ አልነግረውም፤ ለምን እንደሆነ ግን ጠፍቶኛል።

ሴና


ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.
አንሳን

ለሴና፣

በዓሉ እንዴት አለፈ? እንኳን አደረሳችሁ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ወር አልፎታል። ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ጥያቄሽን አውቶቡስ ውስጥ አነበብኩት፤ መውረጃዬን አሳልፌ ሄድኩ።

ቆሜ አልጻፍኩትም። ተቀምጬ ነው። ተቀምጬ ሰባት ዓመት ሆነኝ።

እውነቱን ለአንቺ ልንገርሽ። አሰልጣኝ አይደለሁም። ፕላስቲክ ፋብሪካ ውስጥ የእርጎ ዕቃ ክዳን እንሠራለን። ለሦስት ወር ስልጠና መጣሁ፣ ሥራ አገኘሁ፣ ቀረሁ። እናቴ በስልክ «ታስተምራለህ አይደል?» ስትለኝ «አዎ» አልኩ። አንዱ አዎ ሌላ አዎ ወለደ። ጠመንጃ ያዥ ያለውን አዳራሽ ደግሞ እኔና በሱፍቃድ ነን አብረን የከፈትነው። ቀለሙን በእጃችን ቀባነው። «ሦስት ወር ጠብቀኝ፣ የተማርኩትን ይዤ እመጣለሁ» ብዬው ነው የወጣሁት። አንድ ዓመት ሙሉ ደወለ፤ የምለው ስላጣሁ አላነሳሁም። ከዚያ መደወል አቆመ። አዳራሹ ዛሬም ድረስ ክፍት መሆኑን ያወቅሁት ከአንቺ ደብዳቤ ነው።

እሑድ ዕለት ግን ተነሣሁ። በማደሪያችን ኮሪደር ውስጥ የጻፍኩልሽን ቃል በቃል ሠራሁት። የጫማ መደርደሪያው ላይ ወደቅሁ! የአሥራ ስድስት ሠራተኛ ጫማ ተበተነ። ወለሉ ላይ ሆኜ ሳቅሁ፤ ሴና፣ ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ ስቄ አላውቅም። ትክክል ነበርሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው።

የረሳሁት ይህ ነው፦ ሁለቱ እግሮች በአንድ መስመር አይሆኑም። ፊትና ኋላ ሆነው ሳለ በጎን በኩል በመካከላቸው አንድ ጭብጥ የሚያስገባ ክፍተት ይኖራል። ተንበርክከሽ ጭብጥሽን አስገቢና ለኪው። የኋላ እግርሽ ጣቶች ትንሽ ወደ ውጭ ይዙሩ፤ ተረከዙ ከመሬት አይነሣ። የፊት ጉልበትሽ ልክ መታጠፉን ለማወቅ ክር ላይ ቁልፍ አንጠልጥዪና ከጉልበትሽ ጫፍ ልቀቂው፤ ቁልፉ የእግርሽን ጣት መንካት አለበት። ክብደቱስ? ሦስት ኪሎ ስኳር ብትሸከሚ ሁለቱ ኪሎ ፊተኛው እግር ላይ፣ አንዱ ኋለኛው ላይ። ወገብሽን ቀጥ፣ ትከሻሽን ለቀቅ አድርጊ።

ይህን ሁሉ እየሠራሁ ነው የጻፍኩት። ጭኔ ይንቀጠቀጣል።

ዋቅሹማ


ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.
ልደታ

ለጋሼ ዋቅሹማ፣

ጤናህን እንደ ጭንህ አያንቀጥቅጠው! በጣም ነው የናፈቅኩት ደብዳቤህን።

መጀመሪያ የከበደውን ልጨርስ። የነገርከኝን ለማንም አልተናገርኩም። ባለፈው ሳምንት እናትህ ሊጠይቁን መጥተው «ስንት ተማሪ አለው ይልሻል?» አሉኝ። «አንድ አውቃለሁ» አልኳቸው። ውሸት አልተናገርኩም። የቀረው ግን የአንተ እውነት ነው፤ ከእኔ አፍ አይወጣም።

አሁን ደስታዬን ስማ! አንድ ጭብጥ! ያችን ጭብጥ አስገብቼ ስቆም ቤቱ ቆመ! ወለሉ ሰፋ! ቢልቂስ በትከሻዋ ገፋችኝ፤ ቆምኩ። ደግማ ገፋችኝ፣ ቆምኩ። እናቴን ጠራናትና እሷም ገፋችኝ። «ኧረ ይህቺ ልጅ ተተከለች!» አለች። ጎረቤት ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ «እኔም ልሞክር» እያለ መሰለፍ ጀመረ። ቁልፉን በክር አንጠልጥዬ በቀን ሠላሳ ጊዜ እለካለሁ፤ የቤታችንን በር መክፈት ስንፈልግ ቁልፉ እኔ ጉልበት ላይ ነው።

ከዚያ ደግሞ ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ የሆነውን ልንገርህ። ቁፋሮው አጠገብ ደርሼ በበትሬ እየፈለግኩ ሳለ አንዱ ከኋላ መጥቶ እንደለመዱት ክንዴን ሳብ! አላሰብኩትም ጋሼ፤ እግሬ ራሱ ሄደ። አፕ ኩቢ። ሰውየው ሊያስኬደኝ የሳበውን ያህል እሱ ወደ እኔ ተመለሰና ደረቴ ላይ ተለጠፈ። «እናቴ! ምን በልተሽ ነው?» አለኝ። «ይቅርታ፣ መጀመሪያ ቢጠይቁኝ አብሬዎት እሄድ ነበር» አልኩት። ክንዴን ለቀቀና «እሺ፣ እንሻገር?» አለ። ክንዱን እኔ ያዝኩ። ተሻገርን። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ መንገድ ላይ ሰው ሲጠይቀኝ ያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ማስተር በሱፍቃድ ዓርብ ዕለት አጠገቤ መጥቶ ቆመ። እስትንፋሱን እሰማለሁ። «ይህን ማን አሳየሽ?» አለ። «ማንም አላሳየኝም» አልኩ፤ እውነቴን ነው፣ ማንም አላሳየኝም። ሄደ።

አሁን የጨነቀኝ መዞሩ ነው። ለፈተናው የመጀመሪያውን ፑምሴ፣ ተራውን የጠበቀ የእንቅስቃሴ ስብስብ፣ እንሠራለን፤ አሥራ ስምንት እንቅስቃሴ ሁሉ በመስመር፣ ግራ ዞሮ ቀኝ ዞሮ፣ መጨረሻው የተነሣንበት ቦታ መመለስ ነው። እኔ ስጨርስ አንዴ በሩ ጋ፣ አንዴ ውኃ ባልዲው ውስጥ ነኝ። ምን ላድርግ? አንድ ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረኝ።

ሴና


ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
አንሳን

ለሴና፣

ሰላም ላንቺ፣ ለበረንዳው ተሰላፊም ሁሉ!

የማክሰኞውን ታሪክ ለሥራ ባልደረቦቼ በተሰባበረ ኮሪያኛ ተረክኩላቸው። ማሽኑ ሥር ቆሜ ሠርቼ አሳየኋቸው፤ አለቃው መጥቶ ምን እንደምናደርግ ጠየቀና እሱም ሞከረ።

ለመዞር የምነግርሽን ከትዝታዬ ልጽፍ አልደፈርኩም። ስለዚህ ከፋብሪካው ጀርባ ወዳለው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ በሌላኛው የመንገዱ ዳር ሳልፈው ወደኖርኩት አነስተኛ የቴኳንዶ ቤት ገባሁ። አሰልጣኙ ሽማግሌ ናቸው። ድሮ ጥቁር ቀበቶ እንደነበርኩ ነገርኳቸው። «አሁንስ?» አሉኝ። «አሁን ነጭ ስጡኝ» አልኩ። ከሰባት ዓመት ልጆች ጋር አሰለፉኝ! ከፊቴ ያለችው ትንሽ ልጅ የኋላ ተረከዜ ሲነሣ ባየች ቁጥር ዞራ በእግሯ ጣት ቶክ ቶክ ታደርገኛለች። ትምህርት ቤት እንደገባ ሕፃን ሌሊቱ አልነጋ ይለኛል።

ሽማግሌውን ስለ አንቺ ነገርኳቸው። መብራቱን አጠፉና «አብረን እንፈልገው» አሉኝ። በጨለማ ሁለት ምሽት ዞርን። ያገኘነው ይኸውልሽ፦

ስትዞሪ በትከሻሽ አትዙሪ፤ ትከሻ ይዋሻል። ከጁንቢ ወደ ግራ ስትሄጂ መጀመሪያ የግራ ተረከዝሽን ከቀኝ እግርሽ የውስጥ ጎን መሃል ላይ አስነኪ። ሁለቱ እግሮችሽ የሳጥን ማዕዘን ይሠራሉ። ያ ማዕዘን አይዋሽም። ወደዚያ ብቻ ተራመጂ። ሙሉ ለሙሉ ወደ ኋላ ስትዞሪ ደግሞ ማዕዘኑን ሁለት ጊዜ ሥሪው። መጀመሪያ ቀስ ብለሽ፣ ከዚያ ፈጠን፣ ከዚያ መንካቱን ትተሽ እግርሽ እንዲያስታውሰው ብቻ አድርጊ። አካሄድሽም አይለዋወጥ፤ አንዱ እርምጃ ከሌላው ከሰፋ መመለሻሽ ይጠፋል።

እኔ በጨለማ ስጨርስ ከተነሣሁበት ሦስት እግር ርቄ ነበር። ሽማግሌው አንድ። አንቺ ከእኔ እንደምትሻዪ አልጠራጠርም።

ዋቅሹማ


ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም.
ልደታ

ለጋሼ ዋቅሹማ፣

ሰላምታው በኋላ! ቢጫ ነው! ቢጫ ነው! ወገቤ ላይ ነው፣ አሁንም እየዳበስኩት ነው፤ ቢጫነቱን ቢልቂስ ነግራኛለች፣ እኔ ግን አዲስ ጨርቅ መሽተቱን አውቃለሁ።

በሥርዓቱ ልንገርህ። ትናንት ጠዋት አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ከሌላ ክለብ ሦስት ፈታኞች መጥተዋል። እናቴ ሥራ ያለባት መስሎኝ ነበር፤ ለካ እንዳልሰማት ማስነጠሷን ይዛ ከኋላ ተቀምጣ ስትጠብቅ ኖሯል። ተራዬ ሲደርስ ማስተር በሱፍቃድ መሃል ድረስ ወሰደኝና ክንዱን ለቀቅሁት። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ የሚነካ ምልክት የለውም። «ጁንቢ!» አለ። ድምፁን እንደ ግድግዳ ይዤው ጀመርኩ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ማዕዘኖቼ ሁሉ ልክ ናቸው። አሥራ አንደኛው ላይ ስደርስ ከጀርባ ያለው ብረታ ብረት ቤት መቁረጫውን አስነሣው። ጺጺጺጺ! ጋሼ፣ ጆሮዬ ሞላ። የማስተር ድምፅ ጠፋ፣ የሰው ትንፋሽ ጠፋ፣ ግድግዳዎቹ ሁሉ ጠፉ። ቆምኩ። ስንት እንደቆምኩ አላውቅም፤ ቢልቂስ «አሥር ስትቆጥሪ ያህል» ትላለች። ሰው ሁሉ ያበቃልኝ መስሎታል። አንዱ ፈታኝ «ትረፍ፣ እንደገና ትጀምር» ሲል ከአጠገቤ ሰማሁ። ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ።

ከዚያ ወደ እግሬ ወረድኩ። የት ነኝ አላልኩም፤ እግሬ ምን ላይ ነው አልኩ። የቀኝ ጉልበቴ ታጥፏል፣ የግራው ተወጥሯል፣ ጭብጧ አለች። እንግዲህ ቀጣዩ ከዚህ ነው። አሥራ ሁለት። አሥራ ሦስት። ብረቱ ይጮኻል እኔ እሄዳለሁ። አሥራ ስምንተኛው ላይ ስጮኽ ከብረቱ በላይ ጮህኩ መሰለኝ፣ ማሽኑ እዚያው ላይ ዝም አለ! ዞሬ ጁንቢ ቆምኩ።

 መቻል አቃተኝና «ስንት ራቅሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንደኛው ፈታኝ ከወንበሩ ተነሣ፣ ከእግሬ ሥር ጎንበስ ብሎ ጫማውን እየደረደረ ሲለካ ሰማሁት። «አንድ እግር ተኩል» አለ። ከዚያ ዞሮ ለተሰለፉት «ከእናንተ መካከል ዓይኑን ገልጦ ሁለት ያልራቀ እጁን ያውጣ» አለ። ቢልቂስ እጇን አላወጣችም። ሳቁ ጣሪያውን አነሣው። እናቴ ያኔ አስነጠሰች።

ቀበቶውን ያሰረልኝ ማስተር በሱፍቃድ ነው። ሲያስር እጁ ዘገየ። «ይህን አቋቋም አውቀዋለሁ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ለዓመታት ከጎኔ ቆሞ ነበር።»  «ደህና ነው?» አለኝ። ሙሉ መልሱ የባለቤቱ ነው ብዬ «ደህና ነው። ራስህ ጠይቀው» አልኩና ቁጥርህን ነገርኩት። አለመናገሬን ጠብቄልሃለሁ እስከዚያች ሰዓት ድረስ፤ ካጠፋሁ ይቅር በለኝ። አልጻፈውም። በቃሉ ያዘው።

ሌላ ወሬ፦ ማየት ከተሳናቸው ማኅበራችን ሁለት ሰዎች ሰምተው ሊመዘገቡ መጥተዋል። ማስተር አልጨነቀውም። «ግቡ» አላቸው።

ቢጫዋ
ሴና


ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.
አንሳን

ለቢጫዋ ለሴና፣

እንኳን ደስ ያለሽ! ደብዳቤሽን ምሳ ሰዓት ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ አማርኛ የማይሰሙት ሁሉ አጨበጨቡ።

ምንም አላጠፋሽም። በማግሥቱ መጀመሪያ እናቴን ደወልኩላት። «እማ፣ አስተማሪ አይደለሁም፤ ፋብሪካ ነው የምሠራው» አልኳት።  «ይህን ደብቀህ ነው ድምፅህ ሁልጊዜ የሚደክመው? እኔ ታመሃል ብዬ ስንት ስለት ተስያለሁ!» ብላ ተቆጣችኝ። ቁጣዋ ደስ አለኝ።

ለበሱፍቃድ ግን ቁጥሩን ሦስት ጊዜ ጀምሬ አጠፋሁ። እሱ ቀደመኝ።

«አለህ?» አለኝ።
«አለሁ» አልኩት።

ይቅርታዬን አዘጋጅቼ ነበር፤ አላስጀመረኝም። «የዘመድህ የግራ ተረከዝ ስትዞር ይዘገያል፤ አላየኸውም እንጂ» አለ። «አውቄዋለሁ፣ ከአጻጻፏ» አልኩት። ሳቀ፤ ሳቁ አልተለወጠም። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «አንድ ዓመት ደውያለሁ ዋቅሹማ።» «አውቃለሁ» አልኩ። «አሁን ያነሣኸው ይበቃኛል» አለኝ።

ከዚያ ሥራ ሰጠኝ። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ እዚህ የምሳ እረፍቴ ነው፣ ስልኩን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ጀማሪዎቹን አቋቋም በቃል እንዳስተምር። «በሱፍቃድ፣ እኔ እዚህ ነጭ ቀበቶ ነኝ» አልኩት። «እኔም የምሰቅልበት ምስማር የለኝም፤ ሁለታችንም እስከ ሐሙስ እንፈልግ» አለ።

ትናንት ሐሙስ ነበር። የፋብሪካው ጓሮ፣ የክዳን ካርቶኖች መካከል ቆምኩ። አንቺ የት እንደነበርሽ አላወቅሁም፤ ኔትወርኩ ምስሉን ወስዶት ድምፅ ብቻ ቀርቶልኝ ነበር። መጀመሪያ ግራ ገባኝ፤ ማንን አያለሁ፣ ማንን አርማለሁ? በኋላ ዝም ብዬ አዳመጥኩ። የሰው ሹክሹክታ፣ የአንድ ሰው ሳል፣ የባዶ እግር መንሸራተት።

«ጁንቢ!» አልኩ።

አሥራ አራት ሰው ነበራችሁ አለኝ በሱፍቃድ በኋላ። ሃያ ስምንት እግር ጠመንጃ ያዥ አዳራሽ ወለል ላይ አንድ ላይ ሲያርፍ እኔ እዚህ ሰማሁት።

ዋቅሹማ